የእትዬ አልማዝ አፍንጫ

የበረኪና ሽታ አፍንጫውን ካልሰነጠቀው ቤት የጸዳ የማይመስለው ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እንግዲያው እኛ ሰፈር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ኑና ጎረቤቴን እትዬ አልማዝን ላስተዋውቃችሁ።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ጠራኋቸው። ጠዋት የባኞ ቤቱ ገንዳ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሼ፣ አቼቶ አፍስሼበት፣ በስፖንጅ አሸት አሸት ባደርገው ፊቴን እስኪያሳየኝ አበራ። ያለ በረኪና፣ ያለ ሳል። አላስችል ብሎኝ እትዬ አልማዝን ከበር ተቀብዬ በቀጥታ ወደዚያው ወሰድኳቸው።

ገንዳውን ሳያዩ አየሩን ሳቡ።

«መቼ ልታጥቢው ነው፣ ልጄ?»

«ታጥቧል እኮ፣ እትዬ። በአቼቶ ነው።»

«አቼቶማ ለሰላጣ ነው። ባኞ ቤትሽ ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል።»

ምሳ አቀረብኩ። እትዬ አልማዝ የሰላጣውን ሳህን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና በሁለት ጣት ወደ እኔ መልሰው ገፉት።

«ይሄ ደግሞ» አሉ፣ «ባኞ ቤት ባኞ ቤት ይሸታል።»