መርዶ ከገጽ ዘጠና አራት

መርዶ ነጋሪ ማለት፣ የሰውን ሞት ለሟቹ ወገን አለሳልሶና ከፋፍሎ ለማድረስ፣ ማንም ሳይሾመው ራሱን የሾመ፣ ጥቁር ኮቱን ከበሩ አጠገብ የማያርቅ ጎልማሳ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ማኅበር የለም። የእኛ፣ በአሜሪካ ሬንተን ከተማ የምንኖረው ሐበሾች፣ ክቡር አቶ ወንዳፍራሽ ናቸው፤ በሥራ ሰዓት የአውሮፕላን ፋብሪካ ሠራተኛ፣ በተረፈው ጊዜ የሰማይ ቤት ቃል አቀባይ።

የሙያቸው ምሰሶ «ትንሽ አሟቸዋል» የምትል ዓረፍተ ነገር ናት። ይህን ካሉ ሰውየው ተቀብሯል ማለት ነው። «በጣም አሟቸዋል» ካሉ አርባው ወጥቷል። ስለዚህ በሬንተን ጉንፋን የያዘው ሁሉ ስሙ በእርሳቸው አፍ እንዳይነሣ ይለማመናል።

በአቅራቢያችን ባለችው ታኮማ ከተማ የምትኖር አንዲት ነርስ የአክስቷን ሞት ሊነግሯት አራት ቀን ፈጀባቸው። «ሆስፒታል ገብተዋል» ከሚለው ደረጃ ሲደርሱ ልጅቱ የቀብሩን ቪዲዮ ፌስቡክ ላይ አይታ ጨርሳ ነበር፤ እንዳይከፋቸው ብላ እንደ አዲስ አለቀሰችላቸው። የአሜሪካዊት ጎረቤታቸውን ድመት መኪና ሲገጫት ደግሞ ሦስት ሰዎች አሰልፈው ማለዳ በሯን አንኳኩ። ሴትዮዋ ጥቁር ለባሾቹን ስታይ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሰባኪዎች መስለዋት «ኖ ታንክ ዩ፣ ሃይማኖት አለኝ» ብላ በሯን ዘጋች። ድመቷ እስከ ዛሬ በይፋ በሕይወት አለች።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ።

«ልጅ ሞቷል» አሉኝ፣ ያለ አንዳች ዝግጅት። ደነገጥኩ፤ እርሳቸው እንዲህ አይናገሩም።

«የማን ልጅ?»

«የመጽሐፉ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጃቸው ኖላዊት በትምህርት ቤት ልብ ወለድ ታዞላታል፤ ፖሊስ ተኩሶ የገደለው ጥቁር ልጅና የሰፈሩ ሐዘን ታሪክ ነው። ወላጅ እስከ ሰኞ የፈቃድ ቅጽ ካልፈረመ ተማሪዋ ከክፍሏ ተለይታ ብቻዋን ላይብረሪ ትቀመጣለች። አቶ ወንዳፍራሽ ያላነበቡትን አይፈርሙምና መጽሐፉን ከቦርሳዋ ወስደው በምሳ ሰዓት ያነቡ ጀመር። ገጽ ዘጠና አራት ላይ ልጁ ወደቀ። እርሳቸውም መጽሐፉን ዘጉ።

«ልጁ ሁዲ፣ ያን ባለቆብ ሹራብ ነው የለበሰው» አሉኝ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «የእኔም ልጅ እንደዚያ ለብሳ ነው አውቶቡስ የምትጠብቀው። ይህን ብቻዋን አታነብም። ወይ ሰብሰብ ብለን እናረዳታለን፣ ወይ አልፈርምም።»

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳሎናቸው ተገኘሁ፤ ሐዘንተኛ ደግፈው በመያዝ የታወቁት ወይዘሮ ሣህሊቱም ቀድመውኝ ነበር። ኖላዊት በፒጃማ ወጥታ ጥቁር ልብሳችንን አየች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም። ቁጭ በዪ» አሉ አባቷ። «የመጽሐፍሽ ልጅ . . . ትንሽ አሞታል።»

«ዳድ፣ ከጨረስኩት እኮ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የምሳ ዕቃህ ውስጥ ሳየው፣ ሶ፣ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ወይዘሮ ሣህሊቱ ለድጋፍ የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

«ብቻሽን?»

«ከጓደኛዬ ከሃኒ ጋር፣ ስልክ ላይ። አለቀስን።»

አቶ ወንዳፍራሽ ጥቂት አሰቡ። «እናቱንስ ማን አረዳት?»

«በስልክ ነው የሰማችው።»

«በስልክ!» ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አንድ ሽማግሌ ጠፋ? ጎረቤት የላትም?»

የእኔ ቀን ሲደርስ ለልጆቼ እርሳቸው እንዲነግሩልኝ ያን ጊዜ ቆረጥኩ።

«ሁሉም ይመጣሉ፣ ዳድ» አለች ኖላዊት። «ምግብ ይዘው። ሰፈሩ በሙሉ አብሯት ይቀመጣል። አንተ እዚያ ሳትደርስ ነው ያቆምከው።»

ቅጹን ሳቡና ፈረሙ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፉን ከፈቱ፤ ልጃቸው ጎናቸው ተቀመጠች።

«አያቱስ? እኚያ ደግ ሴትዮ ደኅና ናቸው?»

ኖላዊት ወደ እኛ አየች። እጇን በአባቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«ትንሽ አሟቸዋል።»

ወይዘሮ ሣህሊቱና እኔ አንገታችንን ደፋን። አቶ ወንዳፍራሽ ግን በረጅሙ ተነፈሱ፤ ፊታቸው በራ።

«እግዚአብሔር ይማራቸው!» አሉና ገጹን ገለጡ።