የነጠላዬ ዘርፍና የልጄ መብራት

«ሐሳብህ ቢጠፋ እንኳ ጣትህ ይመልስሃል» ይለኝ ነበር አባቴ፣ እግዚኦታ ሲያስቆጥረኝ። አርባ አንዱን «እግዚኦ» በአውራ ጣት እየቆጠሩ፣ በየጣቱ ሦስት ሦስት አንጓ ይዞ መሄድ ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ይህችን ግን አውቃለሁ። መቼም ሰው ለልጁ የሚሰጠው ያለውን ነውና፣ እኔም ለማርታ ይህችኑ ሰጠኋት። ስድስት ዓመቷ ነበር። ጠዋት ጠዋት እዚህ በስደት አገር፣ ሬክስዴል በሚባለው ሰፈራችን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ጓንቷን አውልቄ፣ ይህችን በምታህል ጣቷ።

አሁን ሠላሳ ሊሞላት ነው። ፓርክዴል የሚባል ሌላ ሰፈር ለብቻዋ ትኖራለች፤ ቤተ ክርስቲያን ከመጣች ዓመታት አልፈዋል። ስደውልላት «አባዬ፣ ቢዚ ነኝ፣ በኋላ ኮል አደርግሃለሁ» ትለኛለች። በኋላ ማለት በእሷ ቤት ሐሙስ ነው። አልቆጣም። ግን እናንተስ ብትሆኑ፣ ቅዳሴ ላይ ከጎናችሁ ያለውን ባዶ ቦታ እያያችሁ፣ «ከሰጠኋት እሷ ጋ የቀረ ነገር ይኖር ይሆን?» አትሉም?

ሥራዋ መብራት ነው። ዲጄ ሲያጫውት፣ መብራቱንና ግድግዳው ላይ የሚታየውን ሥዕል ከዘፈኑ ጋር እኩል ታስኬዳለች። እንዴት ብላት «በታይምኮድ ነው አባዬ» አለችኝ። ለካ ከዲጄው ማሽን ወደ እሷ ኮምፒውተር በኬብል የሚሄድ ሰዓት አለ፤ ዘፈኑ የት ጋ እንደደረሰ በየቅጽበቱ ይነግረዋል፣ መብራቱም በዚያ ይታዘዛል።

«ዲጄው ዘፈኑን ወደ ኋላ ቢመልሰውስ?»

«መብራቱም አብሮት ይመለሳል።»

እንዲህ ያለ ሰዓት ነበር እኔ የምፈልገው። ጓንት ወደማወልቅበት ፌርማታ የሚመልሰኝ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደምትሠራበት አዳራሽ ሄድኩ፤ እሑድ እሑድ በቀን ይጨፈርበታል። ከቤተ ክርስቲያን የያዝኩትን ዳቦ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ። አንድ ሐምራዊ መብራት ሲያገኘኝ ነጠላዬ ቦግ አለ፤ አንዷ ወጣት አውራ ጣቷን አነሣችልኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል በልብስ አንደኛ ወጣሁ ማለት ነው።

ማርታ ከጠረጴዛዋ ቀና ስትል አየችኝ። «አባዬ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ዳቦ ላመጣልሽ ብዬ።»

«ሃያ ደቂቃ ታገሠኝ። ኬብሎቹን እንዳትነካ ብቻ!»

እኔ አልነካሁም። ነጠላዬ ነካ። ዳቦውን አጠገቧ አስቀምጬ ስዞር፣ ዘርፉ አንዱን ኬብል ይዞ ተነሣ። ቀጭ! ስክሪኗ ላይ ሲሮጡ የነበሩት ቁጥሮች ቀጥ አሉ፤ መብራቱም ባለበት ደረቀ። ዘፈኑ ግን ማንንም አልጠበቀም። መልሳ ልትሰካው ሞከረች፤ ጫፉ ተሰብሯል።

ጮኻብኝ ቢሆን በተሻለኝ። «እዚያ ጋ ቁም፣ ፕሊስ» ብቻ አለችኝ። ሄጄ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። የልጄን እንጀራ በቤተ ክርስቲያን ልብስ አበላሸሁ፤ ከእንግዲህማ ሐሙስም አትደውልልኝም። ዐይኔን ጨፍኜ እግዚኦታዬን መቁጠር ጀመርኩ።

ስገልጥ መብራቱ ይንቀሳቀሳል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ከበሮው ዱም ሲል ደግሞ ነጭ! ማርታ በቀኝ እጇ ቁልፍ ትጫናለች። የግራ እጇ አውራ ጣት ግን ከአንጓ ወደ አንጓ ይሄዳል። አተኩሬ አየሁ። እኔ በየጣቱ ሦስት ነበር ያስተማርኳት፤ እሷ የጣቷን ጫፍ ጨምራ አራት አድርጋዋለች። ዘፈናቸው በአራት ስለሚሄድ ይሆናል። ሳታስፈቅደኝ ነው የቀየረችው፤ አልተቀየምኩም።

አጠገቤ የቆመው ጥበቃ፣ የማላውቀው ጢማም ሰው፣ የፊቴን ነገር አይቶ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። እንግሊዝኛዬ አጭር ነው፤ ያን ዕለት ግን አንዲት ቃል አላመለጠችኝም፦

«አይዞህ፣ አትጨነቅላት። ማሽኑ እንቢ ባላት ቁጥር እንዲያ በጣቷ ትቆጥራለች። ማን አስተማረሽ ስላት፣ አባቴ ነው ትላለች።»