አያቴ ግጥም የሰጡ ዕለት

እናንተ ዘንድ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ አገር የሰው ሥራ በአንድ ቃል ካልተነገረ ሥራ አይመስልም። አስተማሪ፣ ነጋዴ፣ ሾፌር። አክስቴ ሀገሬ ግን የጃዝ ዘፋኝ ናት፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ለእራት እንግዶች፣ ኋላም ከባንድ ጋር ውጭ አገር ድረስ ሄዳ ዘፍናለች። ቢቸና ያሉት አያቴ፣ አባቷ፣ ስለ እሷ ሲጠየቁ «አዲስ አበባ ናት» ይላሉ። ምን ትሠራለች ሲባሉም፣ «አዲስ አበባ።»

ዘፋኝ እሆናለሁ ብላ ከቤት ከወጣች ጀምሮ አነጋግረዋት አያውቁም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት አብዝተው ይወዳሉ። ስለዚህ ወንድሜ ሞጣ ላይ ሲያገባ ሁለቱም እንደሚመጡ ስሰማ፣ ከሙሽራዋ ይልቅ የእነሱን ፊት ለማየት ቸኮልሁ። የዓይን አፋር ሰው ጥቅሙ ይህ ነው፤ ማንም ሳያየው ሁሉን ያያል።

ዳሱ ውስጥ አክስቴ ማይክ ያዘች። ዘፈኗ ቀስ እያለ፣ እያመነታ፣ አንዳንዴም ቃል ጥሎ በድምፅ ብቻ የሚሄድ ነው። ለእስክስታ የተነሡት ምቱን ፈልገው አጡት።

«ልጄ፣ ትከሻችንን አንጠልጥለሽ ተውሽው እኮ!» አሉ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ። ዳሱ ሳቀ።

ይኼኔ አያቴ ተነሡ። ጥለው ሊወጡ ነው ብዬ መንገድ ለቀቅሁላቸው። እሳቸው ግን ከዘራቸውን ከፍ አድርገው «ተቀበይ!» አሉ። ከስንት ዓመት በኋላ ለልጃቸው የተናገሯት የመጀመሪያ ቃል ናት። እኛ ዘንድ ደግሞ «ተቀበል» ተብሎ ግጥም የተሰጠው ዘፋኝ ያንኑ መልሶ ይዘፍናል እንጂ እምቢ አይልም።

«ውሻችን ተነሥቶ እስከ መንገድ ሸኘሽ፤
እኔ ነቅቼ ሳለሁ ደህና ሁኚ አላልሁሽ።»

አክስቴ የመጀመሪያውን ስንኝ ተቀበለች። አንዴ አወረደችው፣ አንዴ አወጣችው፣ «ሸኘሽ» የምትለዋን ቃል ይዛ አለቅም አለች። አያቴ እንደቆሙ ናቸው። «ቀጥይ እንጂ!» አለ ዳሱ። «እኔ» ትልና ትመለሳለች፤ «እኔ» ትልና ትመለሳለች። በመጨረሻ ማይኩን አስቀምጣ ወጣች።

ተከትያት ወጥቼ ለምን እንዳልጨረሰችው ጠየቅኋት፤ ጉጉቴ ከማፈሬ በለጠ።

«አባቴን ላሳጣ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች።

በማግሥቱ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ አብረን ተሳፈርን፤ መንገዱ በቢቸና ነው። አክስቴ ከፊት፣ አያቴ ከኋላ። ቢቸና ደርሰን፣ አክስቴ ወደ አዲስ አበባ ልትቀጥል፣ እኔና አያቴ ልንወርድ ስንነሣ፣ አያቴ የራሳቸውን ጓዝ ትተው የእሷን ሻንጣ ይዘው ወረዱ።

«አባዬ፣ የኔ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ» አሉ ሳይዞሩ። «ግጥሜን ሳትጨርሺ የት ትሄጃለሽ?»