የክብርት ከሳሽ እንቁላል

በዚህ ዓለም ላይ አዲስ የከሳ ሰውን ያህል የሚያስፈራ ፍጡር የለም። አዲስ ሀብታም ቢበዛ መኪናውን ያሳያችኋል። አዲስ አማኝ ቢበዛ ሲኦልን ያስታውሳችኋል። አዲስ የከሳ ሰው ግን በቀጥታ የሚመጣው ሰሐናችሁ ላይ ነው። አፋችሁ ጋ የደረሰውን ማንኪያ በዓይኑ ይመዝንና፣ ሐዘን እንደደረሰበት ሰው ራሱን ነቅንቆ፣ "እሱን ልትበላው ነው?" ይላል።

ሌላው ሰው እንዲህ ያለውን ጉድ ግብዣ ላይ አግኝቶት ይገላገላል። አንድ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ግን አልታደለም፤ እንዲህ ያለችውን አግብቷል።

ሚስቲቱ የሒሳብ መምህርት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ክብደቷ የትየለሌ ነበር። ሐሜት አይደለም፣ ራሷ ናት ላገኘችው ሁሉ የምታወራው። ሐኪም "ልብዎ አይችልም" ብሎ ሲያስደነግጣት ጨከነች፤ ምግቧን ቀነሰች፣ በእግሯ ሄደች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ሄደች፣ በመጨረሻም ግማሽ ሰውነቷን መንገድ ላይ ጥላ መጣች። ያያት ሁሉ "ውይ፣ ከሳሽ! ከሳሽ እኮ!" እያለ አገላብጦ ሳማት። ትንሽ ቆይታ የሰው ሰሐን ላይ ክስ መመሥረት ስትጀምር፣ ነገረኛው ወንድሟ ምሳ ላይ ሹካውን አስቀምጦ፣ "እውነትም ከሳሽ!" አለ። ገበታው በሳቅ አውካካ። ስሙም በዚያው ጸደቀላት፤ ዘመድ አዝማዱ ክብርት ከሳሽ ይላት ጀመር።

ክብርትነታቸው የማይከሱት ሰው አልነበረም። የሥራ ባልደረባዋ ለልደቷ ኬክ ስትቆርስ፣ "ለልብ ድካምሽም እንኳን አደረሰሽ" አለቻት። ዳቦ በቤቷ "ትራስ" ተባለ፤ "ሰው እንዴት ትራስ ይበላል?" ስኳርማ ስሙ አይነሳም። አንድ ጊዜ አራስ ጥየቃ ሄዳ ሕፃኑን ታቀፈችው፣ ደግሞም ሳመችው፣ ቀጥላም ወደ እናቱ ዞራ፣ "ጉንጩ አልበዛም?" አለች። ልጁ ገና አንገቱን እንኳ አልቻለም።

ባልየው ምን ያድርግ? መኪና ውስጥ ተሰደደ። ተማሪው ወደ ኋላ መሄድ ሲለማመድ እሱ ዳሽቦርዱን ከፍቶ ዳቦውን ይገምጣል። አንድ ቀን አፉ ሞልቶ "ፍሬን ያዝ!" ማለት አቃተው፤ በእሱ በኩል ያለውን የአሠልጣኝ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ተማሪው የሰው አጥር ገጨ። ከሳሽ ማታ መኪናውን ፈትሻ ፍርፋሪ አገኘች። "ተማሪዎችህ ዳቦ ጋጋሪዎች ናቸው እንዴ?" አለችው። ለአጥሩ ግድ አልነበራትም።

ታዲያ ሥጋው ሲሄድ ቆዳው ቀረ። ሆዷ ላይ ተንጠልጥሎ በሙቀት ይላላጣል፣ ይቆስላል፣ ስትራመድ ይጎትታታል። ሐኪሞቹ ትርፉን ቆዳ ቆርጠን እንስፋው አሉ፤ ፕላስቲክ ሰርጀሪ ነው አሉ። የባልየው እናት ይህን ሲሰሙ ክው አሉ። "ልጄ፣ ፕላስቲክ ገጥመውባት ምድጃ አጠገብ ስትቆም ይቀልጥ የለም ወይ?" አሉ። የሚገጠም ፕላስቲክ እንደሌለ ቢነገራቸውም አላመኑም፤ እስከ ዛሬ ምራታቸው እሳት ስትጠጋ ተይ ተይ ይላሉ።

ኦፕራሲዮኑ ተሳካ። እሷ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ባልየው ነፃ ወጣሁ ብሎ ትኩስ ዳቦ በቅቤ ጠረጴዛው ላይ፣ በአደባባይ፣ ዘርግቶ ተቀመጠ። አንድ ጎርሶ ቆም አለ። ማንም "እሱን ልትበላው ነው?" አላለውም። ዳቦውን ሰሐኑ ላይ መለሰው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ የወንድ ልጅ ክብር አለ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ ነገራቸው። "ክሩ የሚይዘው ለጊዜው ነው። ቁስሉን የሚገጥመው የሚበሉት ምግብ ነው። እንደ እርስዎ ብዙ ክብደት የቀነሰ ሰው ደግሞ ጓዳው ባዶ ነው፤ ሰውነትዎ ለጥገና የሚያወጣው ተቀማጭ የለውም። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ምስር በደንብ ይብሉ። ያዘዝኩልዎትን ቫይታሚንም አይርሱ። አሁን የመክሳት ጊዜ አይደለም።"

ለከሳሽ "አሁን የመክሳት ጊዜ አይደለም" ማለት እናትን ከመስደብ አይተናነስም። ኮሪደሩ ላይ እንደደረሱ፣ "ቦርጩን አይተህለታል?" አለችው። "ስለ ምግብ የሚመክረኝ እሱ ነው?"

ባልየው ግን ትእዛዝ አክባሪ ነው። በየማለዳው ሁለት እንቁላል ይቀቅላል፣ ለምሳ ዶሮ ይሠራል፣ ወተቱን አሙቆ አልጋዋ ድረስ ያደርስላታል። ክብርትነታቸውም በታላቅ ርኅራኄ፣ "እኔ አንተ ሳትመጣ በልቻለሁ፤ ይሄን አንተ ብላልኝ። እየደከምክ ነው" ይሉታል። ባለፉት ሁለት ዓመታት እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ አፍ ወጥቶ አያውቅም! ጠርጥሯል፤ አልጠረጠረም አይባልም። ግን ታስሮ የኖረ ሰው በሩ ሲከፈትለት "ለምን ከፈታችሁት?" ብሎ ይጠይቃል? እንቁላሉን በጨው በላው። ዶሮውንም በላው። ወተቱም ቢሆን መሬት አልፈሰሰም። እሷ የዱባ ዘር በምታህል ቁራጭ ኪያርና በሎሚ ውኃ ቆየች።

እንግዲህ ፍርዱን እዩት። የተሰፋችው እሷ፣ ያገገመው እሱ።

ፋሻ ለመቀየር ሲሄዱ ነርሷ ቁስሉን የሸፈነውን ጎዝ ቀስ አድርጋ አነሳችው። የስፌቱ ጫፍ ባለፈው ፋሻ ሲቀየር ጥፍር ታህል ነበር የተከፈተችው፤ አሁን አፏን ከፍታ ውስጧ ይታያል። ዳርዳሩም ገርጥቷል።

"ይበላሉ አይደል?" አለች ነርሷ።

"በሚገባ! እሱን ጠይቂው" አለች ከሳሽ።

ነርሷ ወደ ባልየው ዞረች። የሸሚዙ ቁልፍ ሆዱ ላይ ጭንቅ ይዞታል። ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ "እሳቸውማ እንደሚበሉ ያስታውቃል" አለች።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። ቁስሉን አይቶ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። "እንዲህ ከቀጠለ ተመልሰን ኦፕራሲዮን ክፍል መግባታችን ነው" አለ። "ኢንፌክሽን ከገባበት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ሰውነት አሁን የሚዋጋበት አቅም የለውም።"

ባልየው ፈራ። እያንዳንዷ የበላት እንቁላል ከዚያች ቁስል ላይ የተነጠቀች መሆኗ ያኔ ገባው። ወደ ቤት ሲሄዱ እንደ ጀማሪ ተማሪ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነዳ።

ቤት ገብቶ እንቁላል ቀቀለ፣ ልጦ አቀረበላት፣ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"በልቻለሁ" አለች።

"የበላሁት እኔ ነኝ። ብዪ።"

"አትጩህብኝ!"

"አልጮህኩም። ብዪ፣ የኔ እመቤት።"

እንቁላሉን እንደ ጠላት አየችው። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው አፍ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ከጀመርኩ አላቆምም" አለች። "አንተ አታውቀውም። ያቺ ዝርጥ ሴትዮ ትመለስብኛለች። ያቺ ሆዳም። ተማሪዎቿ አዝነውላት ደረጃው መሐል ወንበር ያስቀመጡላት! ፎቅ ላይ ክፍሏ እስክትደርስ ሁለቴ የምታርፍ ግንድ! እሷን ከማይ ይሄ ቁስል ይግደለኝ።"

ባልየው ብድግ አለ። ሲያሠለጥን እንኳ፣ አጥር ሲገጩበት እንኳ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

"በቃ!" አለ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ሴትዮ በፊቴ ስትሰድቢያት ዝም አልኩ። ግንድ ስትያት ዝም፣ ሆዳም ስትያት ዝም። ሚስቴ ናት እኮ! እኔን ቤሳቤስቲን ሳይኖረኝ ያገባችኝ እሷ ናት። ስታመም ያስታመመችኝ እሷ ናት። ደረጃው ላይ ስታርፍ፣ ቦርሳዋን ይዤ አጠገቧ ስቆም፣ አንድ ቀን አፍሬባት አላውቅም። ከመጣች ትምጣ፤ ቤቷ ነው! ከእንግዲህ ግን ሚስቴን በዚህ ቤት ማንም አይሰድባትም። አንቺም ብትሆኚ።"

ከሳሽ የምትለው ጠፋት። ይህ በታሪኳ የመጀመሪያው ነው፤ ወንድሟ ቢሰማ ቀኑን በዓል ያደርገው ነበር። ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ስፌቱ ስላመማት ለማልቀስ እንኳ ሆዷን በእጇ መደገፍ ነበረባት። ባልየው ደንግጦ ሊቀርባት ሲል፣ እጇን ዘርግታ እንቁላሉን አነሳችና ገመጠችው። አላመጠች። ዋጠች። ደገመች። እንባው አፏ ውስጥ እየገባ በላችው፤ ጨው አላስፈለጋትም።

ሰሐኑ ባዶ ሲሆን ቀና ብላ አየችው። ከአፏ የወጣው ድምፅ የሒሳብ መምህርቷ አልነበረም፤ የክብርት ከሳሽም አልነበረም። ደረጃው መሐል ትንፋሿን እየሰበሰበች "ትንሽ ቆይ፣ አብረን እንወጣለን" ትለው የነበረችው የዚያችኛዋ ነበር።

"አንድ ብቻ ነው የቀቀልከው?" አለችው።

"ኧረ ይቀቀላል!" አለ ባልየው፤ እየተጣደፈ ወደ ማድ ቤት ገባና ድስቱን ጣደ። ውኃው እስኪፈላ ድረስም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ።