ባሕሩ እንዲቀዘቅዝ የታዘዘ ዕለት

የዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ባሕሩ እንዲቀዘቅዝ ትእዛዝ የሰጡት ሰኞ ጠዋት፣ ሻያቸውን ጠጥተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ትእዛዙ ለሠራተኛው ሁሉ ተነገረ። ለባሕሩ ግን የነገረው የለም፤ ነገሩን ያበላሸው እሱ ነው።

ኃላፊው በወደባችን የሚታወቁት “አቶ ይጠናል” በሚለው ስም ነው። ጣሪያው ያፈሳል ሲሏቸው ይጠናል፤ መብራት ጠፋ ሲሏቸው ይጠናል። ሚስታቸውን ምጥ ያዛት ተብለው ሲጠሩም ይጠናል ብለዋል እየተባለ ይወራል። እኔ በጆሮዬ አልሰማሁም፤ ቢሉ ግን አይገርመኝም።

ባሕራችን ድሮም ቢሆን ዓመት ከዓመት አንድ ሆኖ አያውቅም። አንዱን ዓመት ቀዝቀዝ፣ አንዱን ሞቅ ይላል፤ ዓሣውም እንደዚያው አንዴ ይበረክታል፣ አንዴ ይሳሳል። ዕድሜዬን ሙሉ ዓሣ ስሸጥበት የኖርኩ ሴት ነኝና ይህን ለምጄዋለሁ። የአሁኑ ግን ሌላ ነው። ሞቀ፣ ሞቀና መመለሱን ረሳው። ጽሕፈት ቤቱ አንዲት የተማረች ባለሙያ ነበረችው፤ ልጅቷ ውሃ ስትቀዳና ስትለካ ከርማ ለኃላፊው ቁርጡን ነገረቻቸው። ውሃው ሲሞቅ ከሥር የሚወጣው የዓሣ ምግብ ይቀንሳል፤ የተጣለው እንቁላል ሳይፈለፈል ይቀራል፤ መሄድ የሚችለው ዓሣ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ወደ ጥልቁ ይወጣል አለች።

“ያለ ፈቃድ?” አሉ ኃላፊው።

በማግሥቱ ባለሙያዋ ወደ ባሕር ወፎች ክፍል ተዛወረች፤ ዓሣውን ያባረረችው እሷ ይመስል።

ከወደቡ ፊት ለፊት ቀያይ በርሜሎች ተንሳፍፈው ይታያሉ። ከነሱ ወዲያ መረብ መጣል ክልክል ነው። እንግዲህ ዓሣው ከበርሜሎቹ ወዲያ ነው፣ ጀልባው ከበርሜሎቹ ወዲህ ነው። ልጄ ከሟቹ ባሌ የቀረችለት አንዲት ጀልባ አለችው። ጎሕ ሲቀድ ይወጣና በርሜሎቹ ጋ ቆሞ፣ ወዲያ ማዶ ዓሣው ሲዘል አይቶ ይመለሳል። መረቡ የሚያወጣለት ያንን የሚዝለገለግ፣ ሲነኩት የሚለበልብ ፍጥረት ብቻ ነው፤ ሙቀት ይስማማዋል። አከርካሪ የሌለው ነገር እንዲህ የሚመቸው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ደንቡ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ከወደቡ ግንብ ወደ ውሃው የተንጠለጠለ የሙቀት መለኪያ አለ፤ መሐሉ ላይ ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። በውስጡ ያለው ቀይ ፈሳሽ ከመስመሩ በላይ ከወጣና ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣ ሹም ይህን በዓይኑ ካየ፣ በርሜሎቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቀዩ መስመሩን ጥሎት ከሄደ መክረሙን ለማየት ግን ዓይን ይበቃል። ሹሙ ሊመጡ ነው ሲባል ልጄ መረቡን አውጥቶ መጠገን ጀመረ። ሚስቱ፣ ዘንድሮም በርሜል አይተህ ከተመለስክ ጀልባዋን ሸጠን ከዚህ እንሄዳለን ብላዋለች። አልፈርድባትም፤ በርሜል አይበላም።

አቶ ይጠናል ደግሞ ዓመት በመጣ ቁጥር “ባሕራችን በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል” እያሉ ወደ ላይ ሲያሳውቁ ኖረዋል። አሁን ሞቋል ማለት ተሳስቻለሁ ማለት ሊሆንባቸው ነው። ስለዚህ ከሁለት አንዱ መስተካከል ነበረበት፤ ወይ እሳቸው፣ ወይ ባሕሩ። ባሕሩን መረጡ።

የበረዶ ፋብሪካው በረዶ በጭነት መኪና ተግዞ መጣ። ዓሣ እንዳይበላሽብን የምናስቀምጥበት በረዶ ነው፤ ዓሣው ስለጠፋ ሥራ ፈትቶ ነበር። ሠራተኞቹ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞሉ በመለኪያው ዙሪያ ያሰጥሙት ጀመር። ኃላፊው ግንቡ ላይ ቆመው “ቀስ በሉ፣ ባሕሩን እንዳታስደነግጡት” ይላሉ።

በአደባባይ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ሲያናድዱኝ ግን አንተ ያመልጠኛል።

“አንተ ሰውዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?” አልኳቸው።

“የአየር ንብረት ለውጥን እየተከላከልን ነው፣ እማማ።”

“በከረጢት?”

“ለጊዜው በከረጢት። ሌላው ይጠናል።”

ቀጥለውም ሹሙ ምሳ እዚሁ ስለሚበሉ ከባሕራችን የወጣ ዓሣ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ዓሣ የለም አልኳቸው። ባሕሩ ቀዝቅዟል፣ ስለዚህ ዓሣ አለ አሉኝ። እሺ ብዬ ወደ ማብሰያ ቤቱ ገባሁ።

ሹሙ ደረሱ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጫማቸው ፊት ያሳያል። መነጽራቸውን አድርገው ወደ መለኪያው ጎንበስ አሉና ቀዩ ከመስመሩ በታች መሆኑን አዩ። “ባሕሩ ጤነኛ ነው” ብለው ለተሰበሰበው ሰው ተናገሩ። ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ትራስ የሚያህል በረዶ ከከረጢቱ አምልጦ አፍንጫቸው ሥር ብቅ አለ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“የመሻሻል ምልክት ነው፣ ክቡርነትዎ” አሉ አቶ ይጠናል።

ሹሙ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጄ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ጥግ ቆሟል፤ ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። አላስቻለኝም። ጌታዬ፣ እስቲ ከዚያ ወዲያ ፈቀቅ ብለው እጅዎን ይንከሩት አልኳቸው።

“እጅ ሕጋዊ መለኪያ አይደለም፣ እማማ” አሉኝ፣ በትሕትና።

ምሳው በመሰብሰቢያው አዳራሽ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ ተዘጋጀ። ትልቁን ሳህን በክዳን ሸፍኜ አመጣሁና ሹሙ ፊት አስቀምጬ ከፈትኩት። ሳህኑ ላይ አንድ ረጅም በረዶ ተጋድሟል፤ ዙሪያውን ሎሚ ከትፌ ደርድሬለታለሁ።

“ዛሬ ጠዋት ከባሕራችን የወጣ ነው” አልኩ። ውሸት የለበትም፤ ጎትቼ ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

የአቶ ይጠናል ፊት ከጠረጴዛው ጨርቅ ጋር አንድ ሆነ። አሁን ጉዱ ወጣ፣ ነገ ልጄ ከበርሜሎቹ ወዲያ መረቡን ይጥላል ብዬ እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁ። ሹሙ በረዶውን አዩ፤ ኃላፊውን አዩ። ጤነኛ ነው ያሉትን ባሕር በመስኮቱ አዩ። ከዚያ ቢላቸውን አንሥተው ጫፉን ሰበሩና ጎረሱ።

“ገና ዛሬ መውጣቱ ያስታውቃል” አሉ።

“አጥንትም የለው” አሉ አቶ ይጠናል፣ ነፍሳቸው መለስ ብላላቸው።

ከዚያማ ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ይቆረጥም ጀመር። የሒሳብ ክፍሉ ሰው ጉንጩን በእጁ ደግፎ ጨው አቀብሉኝ ይላል። አንዱማ ይጨመርልኝ አለ። ከወፎች ክፍል የተጠራችው ባለሙያ ብቻ ሹካዋን አስቀምጣ ታየኛለች፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁም።

ሹሙ አፋቸውን ጠርገው ተነሡ። ዓሣው እስከ ግንቡ ድረስ መጥቶ ሳለ አጥማጆቻችን እስከ በርሜሎቹ መድከማቸው አግባብ አይደለም አሉ። ተጨበጨበ። በሳምንቱ በርሜሎቹ ወደ ወደቡ ተጎትተው ቀረቡ፤ አሁን ከግንቡ ላይ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስባቸው ናቸው። ወርውሬ መትቻቸዋለሁ።

ጉዱን ያፈላው ያንቺ በረዶ ነው የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ያቀረብኩት በረዶ ነው፤ ዓሣ ነው ብለው የቆረጠሙት እነሱ ናቸው።

ልጄ ሥራ አገኘ። ጽሕፈት ቤቱ የባሕር ማቀዝቀዣ ክፍል የሚባል ስለከፈተና ለዚህም ጀልባ ያለው ሰው ስላስፈለገ እሱን ቀጠሩት። ጠዋት ጠዋት በአባቱ ጀልባ በረዶ ጭኖ መለኪያው ዙሪያ ያራግፋል። ደመወዙ በጊዜው ይገባል፤ ሚስቱም የመሄዱን ወሬ ትታዋለች። “እማዬ፣ ቢያንስ ባሕር ላይ ነኝ” ይለኛል። ሲመለስ ጣቶቹ ደንዝዘው የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ያቅተዋል፤ እንደ ልጅነቱ እኔ እፈታለታለሁ።

ትናንት ለእራት የቆርቆሮ ዓሣ ገዝተን መጣን፤ ከየት አገር እንደመጣ አላውቅም። ቆርቆሮው ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ ተስላለች፤ መረቧ ሞልቶ ወደ አንድ ጎኗ አዘንብላለች። ልጄ ምግቡን ትቶ ቆርቆሮውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ዙሪያውን እያዞረ ያየው ጀመር።

“ምን ትፈልግበታለህ?” አልኩት።

“በርሜሎቹን” አለኝ።