የክቡር ጄኔራሉ እጀታ

ያለቀን ነገር አልቋል ብሎ መተው የማይሆንለት ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ለእኛ የደረሱን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሙያቸው የጥርስ ሐኪም፣ ማዕረጋቸው ጄኔራል። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን እንጂ የጦር ሰፈር ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ የጎረቤት ውሻ ከጮኸ እንኳ መንገድ ይቀይራሉ። ሳሎናቸው ውስጥ ግን አሥራ አራት ታንክ ተሰልፏል፤ ትልቁ ከጫማ አይበልጥም።

ታንኩ ፕላስቲክ ነው፤ በካርቶን ተበታትኖ ይመጣል። ሌላ ሰው ቢሆን በሁለት ቀን ገጣጥሞና ቀለም ቀብቶ ይገላገላል። ክቡርነታቸው ግን እንደ ወረቀት የሳሳ የነሐስ ቅጠል ለብቻው ያስመጣሉ፤ ከሁለት መቶ በላይ ጥቃቅን ዕቃ ተቀርጾበታል። ከዚያ ምንም ያልሆነውን ፕላስቲክ በምላጭ እየቆረጡ ይጥሉና በምትኩ ነሐሱን እያጠፉ ይለጥፋሉ። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ፕላስቲኩ ወፍራም ነው።» የጭቃ መከላከያው ወፍራም ነው። የመብራቱ ሽፋን ወፍራም ነው።

«ተራዬን እየጠበቅሁ ነው» ይላሉ ርዕሰ መምህርት የሆኑት ባለቤታቸው። «እኔም ሰሞኑን ትንሽ ወፍሬያለሁ።»

አንድ እሑድ ልንጠይቃቸው ብንሄድ በክርናቸው ጨበጡን። ሁለት ጣታቸው ከታንኩ ጭስ ማውጫ ጋር በሱፐር ግሉ ተጣብቋል። «ምንም አይደል፣ ግቡ» አሉና ታንኩን እንዳንጠለጠሉ ሻይ ቀዱልን።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሞዴል ውድድር ነበር። እኔና ባለቤቴ ልናጅባቸው ጠዋት ቤታቸው ደረስን። የቀረው የታንኩ ጣሪያ ክዳን እጀታ ብቻ ነው፤ ከስንዴ ፍሬ ያንሳል። ክቡርነታቸው በወረንጦ ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ሊያስጠጉት ሲሉ ተስፈነጠረ።

«ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ» አሉ ቀስ ብለው።

አራት ትልልቅ ሰዎች ተንበረከክን። ርዕሰ መምህርቷ የእጅ ባትሪ አበሩ። ባለቤቴ ምንጣፉን በመዳፏ ትዳብሳለች። እኔ ሶፋው ሥር እስከ ወገቤ ገባሁ። መጀመሪያ እየተነጫነጭኩ ነበር። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዳያገኘው ሰጋሁ።

ከሶፋው ሥር ስወጣ ባለቤቴ እጇን ዘረጋች። «እንዳትነቃነቅ። ቅንድብህ ላይ ነው።»

ክቡርነታቸው በወረንጦ ከቅንድቤ ለቅመው ወሰዱት፤ ለጠፉት፤ ያዘ። አጨበጨብን። ጭብጨባችን ሳያልቅ ክዳኑን ገልብጠው ገጠሙና በማጣበቂያ ዘጉት። ለካ እጀታው የተለጠፈው በውስጥ በኩል ነው።

«ጋሼ፣ ታዲያ ማን ሊያየው ነው?»

«ማንም አያየውም» አሉኝ። «አራታችን ግን መኖሩን እናውቃለን።»

በውድድሩ ላይ ዳኛው በማጉያ መነጽር ዞረው ዞረው ሦስተኛ አደረጉን። ክቡርነታቸው ደስ ብሏቸው እጅ ነሡ። የነደደኝ እኔን ነው።

«ክዳኑ ውስጥ እኮ እጀታ አለ» አልኳቸው ዳኛውን።

«የምንዳኘው የሚታየውን ነው፣ ወንድሜ።»

«ካልታየ የለም ማለት ነው?»

ድምፄ ከፍ ሲል ክቡርነታቸው ክንዴን ይዘው አወጡኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ታንኩን አሻንጉሊት እያልኩ የምጠራው እኔው መሆኔን አላነሱብኝም።

ስንመለስ መኪናውን የሚነዱት እሳቸው ናቸው። እኔ ከጎናቸው ታንኩን ታቅፌ፣ ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር «ቀስ በሉ፣ ጋሼ» እላለሁ።

«ምን ሆነሃል? ተጣብቋል እኮ።»

«ውስጥ ለውስጥ ተነቅሎ ቢሆንስ? በምን እናውቃለን?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። መኪናውን ዳር አስይዘው ሞተሩን አጠፉ። ታንኩን ከፍ አድርገን፣ እሳቸው በግራ እኔ በቀኝ ጆሯችንን ደግነን ቀስ አድርገን ነቀነቅነው። ከኋላ ወንበር ባለቤቶቻችን ትንፋሻቸውን ያዙ። አንድ አላፊ አግዳሚ በመስኮቱ አጎንብሶ አየንና እርምጃውን አፈጠነ።

ውስጡ ምንም ነገር አልተንኳኳም።

«አለ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ ዓይናቸው እያበራ።

«አለ፣ ጋሼ» አልኩና ደስ ስላለኝ ብቻ አንዴ ደግሜ ነቀነቅሁት።