የአማቼ የቼዝ ግምገማ

በየከተማው ስልኩ ላይ በቼዝ ዓለምን ያሸነፈ አንድ ሰው አይጠፋም። ወልቂጤ ሂዱ፣ አለ። እምድብር ሂዱ፣ አለ። አረቅጥም በዚያ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ብራዚላዊውን ረቷል፣ ህንዱን አሳፍሯል፣ ሩሲያዊውን አስለቅሷል። ጎረቤቱን ሰላም ለማለት ግን ቀና አይልም፤ ሰዓት እየሄደበት ነዋ። የቡታጅራው ደግሞ፣ የእኔ ዕድል ሆነና፣ የሚስቴ የባሂራ ወንድም ነው።

ስማቸው አብዱልሃፊዝ ይባላሉ። እኔ በቼዝ ያላቸውን ክብር ስለማውቅ «ክቡር ጄኔራል» እላቸዋለሁ፤ ክቡርነታቸውም አንድ ቀን እንኳ «ኧረ ተው» ብለውኝ አያውቁም። መናኸሪያው አጠገብ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣሉ። ማለቴ፣ ዕቃው አለ፣ ሱቁ ክፍት ነው፣ ገዢውም ቆሟል፤ እሳቸው ግን ከባንኮኒው ጀርባ አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸው ላይ የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ይዘዋል። ሬቲንግ የሚሉት የደረጃ ነጥባቸው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አልፏል። ይህ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ እኔም በቅጡ አላውቅም፤ ብቻ የሚያውቁ ልጆች ሲያዩት አፋቸውን ይይዛሉ።

እኔ ዑመይር፣ የስልክ ጥገና ሱቅ ከመክፈቴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። እዚያ ያተረፍኩት ሙያ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው መገምገም። ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ መሻሻል ያለበት። ስለዚህ ክቡርነታቸውን በዚሁ ሚዛን ላስቀምጣቸው። ሂስ የሚወድ ሰው የለም፤ እሳቸው ደግሞ ከማንም የባሰ ነው የሚጠሉት።

ጠንካራ ጎናቸው ፍጥነት ነው። በስልኩ ጨዋታ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ የሌላው ሰው ተራ ሳያልቅ የራስህን እርምጃ አስቀድመህ ታዛለህ፣ እሱ ጣቱን ሲያነሳ ያንተው ወዲያው ይፈጸማል። ክቡርነታቸው ይህን ጥበብ ወደ ሱቃቸው አምጥተውታል። ባለፈው ሙስተፋ የሚባል ባጃጅ ነጂ መጥቶ «አብዱልሃፊዝ፣ የፍሬን…» ሲል የሞተር ካንዴላ አቀበሉት።

«ፍሬን ነው ያልኩህ» አለ ሙስተፋ።

«ፍሬንህ ምንም አልሆነም። ስትመጣ ድምፁን ሰምቼዋለሁ፣ ካንዴላ ነው።»

«ኧረ የማይዝልኝ ፍሬኑ ነው።»

«ጨዋታው አልቋል፣ አንተ ነህ ያላወቅከው» አሉት። ይቺ አነጋገር የክቡርነታቸው ማኅተም ናት። ሙስተፋ ግራ ገብቶት ካንዴላውን ይዞ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ባጃጁ አልቆም ብሎት የሙዝ ጋሪ ውስጥ ገባ። ከሙዙ በቀር የተጎዳ የለም። ክቡርነታቸው ወሬው ሲደርሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ካንዴላውስ? ካንዴላው ሠራ አይደል?»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። የእኛ ሰው ግን አፍስሶ ይሄዳል፤ የሚለቅመው ሌላ ነው፣ ብዙውን ጊዜም እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ጠንካራ ጎናቸው ማጥቃት ነው። ፈረሳቸውን እንደ ዘበት ይሠዋሉ፣ ንግሥቲቱን ገና በጠዋቱ ወደ ሰው ሰፈር ይልካሉ፣ የራሳቸውን ንጉሥ ግን መሀል ሜዳ አቁመው ይረሱታል። ሰው ሁሉ ንጉሡን ጥግ ወስዶ ይሸሽጋል፤ ለእሳቸው መሸሸግ ውርደት ነው። በዚህ የተነሳ ሲሸነፉ ክፉኛ ነው የሚሸነፉት። ጎረቤታችን ሳፊያ ባሏ የሞተባት ጊዜ ለቅሶ ሄደን፣ ክቡርነታቸው ስልኩን ጋቢያቸው ውስጥ ይዘው ጥግ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ከሆዳቸው ተነፈሱ፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። ሳፊያ እስከ ዛሬ «የአብዱልሃፊዝን ሐዘን አልረሳም፣ ከወንድሞቼ በላይ ነው ያዘነልኝ» ትላለች። አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ንግሥታቸው ተበልታ ነው።

መሻሻል ያለበት ብዙ ነው። ሁሉን ትቼ ከመጀመሪያዋ እርምጃ ልነሳ። ክቡርነታቸው ጨዋታ ሲከፍቱ፣ ሰው እንደሚያደርገው የመሀሉን ወታደር አያንቀሳቅሱም። ከቀኝ ዳር ጥግ ላይ ያለችውን ወታደር ሁለት ቤት ይገፏታል። ማንም ምን ቢገፋባቸውም መልሳቸው ያቺው የዳር ወታደር ናት። የስልኩ ኮምፒውተር ጨዋታውን ሲመረምር ገና እዚህ ላይ ስህተት ብሎ ምልክት ያደርግባቸዋል። ይህን ያስተማሯቸው አባታቸው ሐጂ ሙሀመድሰይድ ናቸው፤ ሐጂ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የአንድ የመናዊ ሱቅ ውስጥ ሲሠሩ ነው ቼዝ የለመዱት፣ ደግሞ አጣመው ነው የለመዱት። «መጀመሪያ በሩን ክፈቱ፣ እንግዳ ሊመጣ ይችላል» እያሉ ልጆቻቸውን የዳሯን ወታደር ያስገፏቸው ነበር። ክቡርነታቸውን «ይቺን ብታስተካክል እኮ ነጥብህ ይጨምራል» ብላቸው «አፍህን ዝጋ» አሉኝ። 

ሌላው፣ አቻ መውጣት አይችሉም። አምና ወልቂጤ ላይ የቼዝ ውድድር አለ ተብሎ መኪና ቀይረን ሄድን፤ እኔ ውሃቸውን ይዤ፣ አሠልጣኝ ነኝ በሚል። መጀመሪያ የደረሰቻቸው ሚስጥር የምትባል አንዲት ቀጭን ተማሪ ናት። ልጅቷ እንዳልቸኩል ብላ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ቀብራ ነው የተቀመጠችው። ክቡርነታቸው ደግሞ ከእንጨት ገበታ ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል፤ ቆመው የሚታዩት ነገሮች ግራ አጋቧቸው፣ ሁለቴ በእጅጌያቸው የራሳቸውን ሠራዊት ጣሉ።

ልጅቷ አሳዘኗት መሰለኝ፣ «አቻ እንውጣ ጋሼ?» አለቻቸው።

«አቻ የሚባል ነገር አላውቅም። ጨዋታው አልቋል፣ አንቺ ነሽ ያላወቅሽው።»

«እሺ» አለች። እጇን ከጭኗ ሥር አውጥታ አንድ እርምጃ ሄደችና መልሳ ቀበረችው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ክቡርነታቸው ንጉሣቸውን አስተኙ። ቡታጅራ እስክንገባ ድረስ ያወሩኝ ስለ አንድ ነገር ነው፤ እስከተሸነፉበት ደቂቃ ድረስ እያሸነፉ እንደነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ያስቃል። ማዕረጉን እዚህ ላይ ላውርደው፤ የሚቀጥለውን «ክቡርነታቸው» እያልኩ ልነግራችሁ አንጀቴ አይችልም።

ከአራት ዓመት በፊት ሐጂ ሙሀመድሰይድ እንሴኖ፣ እቤታቸው፣ ማለዳ ላይ ሞቱ። ትልቁ ልጃቸው ናጃህ መርካቶ ነው የሚነግደው፤ እንደተደወለለት ተነሳ፣ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳበት። እኛ ዘንድ ሬሳ አይቆይም፣ ሃይማኖቱም አያቆይም። ግን እስከ ቀትሩ ሰላት፣ እስከ ዙሁር ድረስ መቆየት ይቻል ነበር። ሽማግሌዎቹ «ልጁ መንገድ ላይ ነው፣ ትንሽ እንጠብቅ» አሉ። አብዱልሃፊዝ «አይጠበቅም» አለ። ናጃህ ሲደርስ አፈሩ ተመልሷል። ከመኪናው ወርዶ በሰው ሁሉ ፊት «አባቴን ሳላየው አፈር አለበስከው» አለው። አብዱልሃፊዝም እንደ ልማዱ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር፤ «አንተ መቼ በሰዓቱ ደርሰህ ታውቃለህ?» አለው። ይህን የተባባሉት መቃብሩ ራስጌ ቆመው ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልተነጋገሩም።

እናታቸው እማማ ሀሊሜ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ሁለተኛውም እየደከመ ነው። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቺ ዓይን ሳትጠፋ ሁለቱን ልጆቻቸውን በአረፋ አንድ ትሪ ላይ ማየት። ለአረፋ አገር የማይገባ ጉራጌ የለም፤ ናጃህም ከአዲስ አበባ ይመጣል። አብዱልሃፊዝ ግን የኢድ ሰላት ተሰግዶ እንዳበቃ እናቱ ቤት ይደርሳል፣ ከሁሉ ቀድሞ ትሪው ላይ እጁን ይሰዳል፣ ጎርሶ ሳይጨርስ ተነስቶ ይወጣል፤ የወንድሙ መኪና ሳይደርስ። ባሂራ በየዓመቱ ዕቃ ስታጥብ ታለቅሳለች፤ እኔም በየዓመቱ አያለሁ።

አምና ሽማግሌዎች ሱቁ ድረስ ሄዱ፤ አብሬ ነበርኩ። ትልቁ አባ ሀቢቡ ናቸው የተናገሩት። «ልጄ፣ ወንድምህን አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ በለው፣ እሱም ይበልህና ይለቅ» አሉት።

«መጀመሪያ ማን እንደተሳሳተ ይነገረኝ» አለ። «እኔ ሃይማኖቱ ያዘዘውን ነው ያደረግኩት። ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ከየትኛዋ ቃል እንደጀመረ ላሳያችሁ እችላለሁ።»

«እኛ ማን ተሳሳተ አላልንም። እኩል ሁኑና እርሱት ነው ያልነው።»

«እኩል የሚባል ነገር አላውቅም፣ አባ ሀቢቡ። ጨዋታው አልቋል።»

ሰባ ስምንት ዓመት ለሆናቸው ሽማግሌ እንዲህ አለ። የዚያን ቀን በእውነት ጠላሁት። እቤት ገብቼ ለባሂራ «ይሄ ወንድምሽ እናቱን ቀብሮም ትክክል ነበርኩ ነው የሚለው» አልኳት፤ ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ተኮራረፍን።

ዘንድሮ አረፋ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የአብዱልሃፊዝ ስልክ ወደቀችና ስክሪኗ ደቀቀ። ይዟት መጣ። «ዛሬውኑ አድርስልኝ፣ እስከ ነገ ጠዋት አልጠብቅም» ብሎኝ ሄደ። ስክሪኑን ቀየርኩና ንክኪው መሥራቱን ለማየት ስከፍታት ያው ቼዙ ነው የመጣው። ልዘጋው ስል አንድ ነገር አየሁ። ሰዓት የማይቆጥር ጨዋታ። ለአንድ እርምጃ ሦስት ቀን የሚፈቀድበት። ለሦስት ደቂቃ ጨዋታ ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ላይ ቀን እየቆጠረ የሌላ ሰው ተራ ይጠብቃል።

ከማን ጋር ነው ብዬ አየሁ። ስሙ ትርጉም የሌለው ፊደልና ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ወደ ኋላ መለስኳቸው። አብዱልሃፊዝ የዳሯን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቷል። ሰውየውም የዳሯን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቷል። ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። በዚህ ዓለም ላይ ይህችን ስህተት ከሐጂ የተማረ ሌላ ሰው ማን አለ?

የቆዩትን ከፈትኩ። ሃያ ስድስት ጨዋታ። የመጀመሪያው ሐጂ ከተቀበሩ ሁለት ወር በኋላ ነው የተጀመረው። አንዳንዱ ወር ፈጅቷል፣ አንዳንዱ ሦስት ወር። መጻጻፊያው ባዶ ነው፤ «አሰላሙ አለይኩም» እንኳ የለበትም። ውጤቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ሃያ ስድስቱም አቻ።

ማታ ይመጣል ስል ከሰዓት በኋላ ስልኩን ሊወስድ መጣ። «ሌላ የነካካኸው ነገር አለ?» አለኝ።

«ስክሪኑን ብቻ ነው።»

 ስልኩን ኪሱ ከተተና ወጣ። ለባሂራ አልነገርኳትም። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ታውቆብናል ብለው ካሰቡ ያቺንም ይተዋታል። ስልክ ውስጥ ያየሁትን ሁሉ የማወራ ሰው ነኝ፣ አልክድም፤ ያቺን ሳምንት ግን ከባሂራ ዓይን እየሸሸሁ ከረምኩ።

አረፋ ዕለት እንሴኖ ነበርን። ሰላት ተሰግዶ ተመለስን፣ ክትፎው ተዘጋጀ፣ ቆጮው ተቆረሰ፣ ትሪው መጥቶ መሀላችን ተቀመጠ። እማማ ሀሊሜ ክዳኑን አንስተው «በሉ ልጆቼ፣ ቢስሚላህ» አሉ። ሁላችንም አብዱልሃፊዝን አየን፤ የመጀመሪያው እጅ ሁልጊዜ የእሱ ነውና። ስልኩን አወጣ፣ አየት አደረጋት፣ ጉልበቱ አጠገብ ደፋት።

«ትንሽ እንጠብቅ» አለ።

«ማንን?» አለች ባሂራ።

«ተራው የእሱ ነው።»

 እማማ ሀሊሜ ክዳኑን በእጃቸው ፈልገው አገኙትና ትሪውን መልሰው ከደኑት። ጠበቅን። ዙሁር ተሰገደ፣ ጠበቅን። ልጆቹ ርቧቸው ተነጫነጩ፣ እኔም ልነጫነጭ ምንም አልቀረኝም። አብዱልሃፊዝ በሩን ከፍቶ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ ስልኩን አንዴም ሳያነሳ ጠበቀ።

ናጃህ የደረሰው ከሰዓት በኋላ፣ ዓስር ሰላት ሲቃረብ ነው፤ እንደ ልማዱ ዘግይቶ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ተከድኖ የተቀመጠውን ትሪ አየ፣ ዙሪያውን የተቀመጥነውን አየ። ማንም አውፍ በለኝ አላለም። አብዱልሃፊዝ ብቻ ምንጣፉ ላይ ትንሽ ጠጋ አለና ከጎኑ ቦታ ለቀቀለት፤ ናጃህም ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። እማማ ሀሊሜ ክዳኑን አነሱ፤ በደከመችው ዓይናቸው አንዱን፣ ቀጥለው ሌላውን፣ እየተጠጉ አዩ።

እንግዲህ ግምገማዬን አስተካክያለሁ። «መጠበቅ አይችልም» የሚለውን ሰርዣለሁ። «አቻ አያውቅም» የሚለውንም ሰርዣለሁ። የዳሯን ወታደር እንዲያሻሽል የሰጠሁትን ምክር ደግሞ አንስቻለሁ፤ ኮምፒውተሩ የፈለገውን ይበል። ክትፎው ግን በረዶ ሆኖ ነበር፤ እሱን መቼም አልረሳለትም።